የድንቡሼ መንጋጋ

ጥቅምት 4

ጠዋት ውሾች። ከዚያ አንድ በቀቀን። በቀቀኑ ምንም አልሆነም፤ የታመመው ባለቤቱ ነው። "ዝም አለብኝ፣ ዶክተር" ይላል። ወፉ ዝም ማለቱን ለማስረዳት ትንፋሽ ሳይወስድ አወራ፣ አወራ... ከዚህ ሰውዬ ጋር የሚኖር ፍጥረት ዝም ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? ቫይታሚን ሰጥቼ ሸኘሁት። ለሰውዬው የሚሰጥ መድኃኒት የለኝም።

ከሰዓት አለቃዬ ሰበሰበን። ክሊኒኩ "የቤተሰብ ስሜት" ይጎድለዋል አለ። ይኼን የሚለን ከገዛ ወንድሙ ጋር በጠበቃ የሚነጋገር ሰው ነው። ራሳችንን ነቀነቅን፣ ተበተንን።

መኪናዬን አጠብኩ። ዘነበ። ሌላ ምንም።

ጥቅምት 7

ማን ቢመጣ ጥሩ ነው?

የመጠበቂያውን ክፍል በር ስከፍት... አማቴ። የቀድሞ አማቴ። ከልጇ ጋር ከተፋታን ወዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። ያው ናት። ወገቧ ቀጥ፣ ከንፈሯ ምጥጥ፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ። ከጎኗ ፎጣ የለበሰ ቅርጫት።

"ሌላ ሐኪም የለም?" አለች። ለእኔ አይደለም፤ ለእንግዳ ተቀባይዋ።

"የእንስሳት አፍ የምትቀድደው እሷ ብቻ ናት፣ እማማ።"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል።"

ምን ይደረጋል! ልጇ "ላገባት ነው" ብሎ ቤት ይዞኝ የገባ ቀንም እንዲሁ ነበር ያለችው። በትዳሬ ዘመን ሁሉ የከብት ሐኪም ነበርኩላት። እንግዳ ሲመጣ "ምራቴ ከብት ነው የምታክመው" ትላለች፣ አፏን ሞልታ። ከብት አክሜ አላውቅም። እጄ የነካውን ምግብ አንድም ቀን አልቀመሰችም፤ ላም ላም ይላል አሉ እጄ። አሁን ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች።

ድመቷ ድንቡሼ ትባላለች። ድንቡሼ! በፀጉር የተጠቀለለ አጥንት። አገጯ በልሃጭ ረጥቧል፣ ልሃጩ ደም ደም ይላል፣ ሽታው ከቅርጫቱ ቀድሞ ነው ክፍሉ የገባው። ሌላ ክሊኒክ ወስዳት ጥርስ ነቅለውላት ነበር። ቀዳዳው አልዘጋም። አይዘጋማ! አፏን በመብራት ሳየው በግራ በኩል ድዱ አብጦ አበባ ጎመን መስሏል። ነካ ሳደርገው ደማ። መንጋጋው ከሥር ድንጋይ ነው። የደህና ድመት ጥርስ ከመሬት ተነስቶ ለምን ተነቃነቀ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጭንቅላት እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ጠፋ? ጉጠት ብቻ ነው ያላቸው?

"ምንድን ነው?" አለች።

"ናሙና ወስጄ ላብራቶሪ ሳልክ አልናገርም።"

"አንቺ ድሮም አትናገሪም።"

ጥርሴን ነከስኩ። ድመቷን ለጥቂት ጊዜ አስተኝተን ናሙናውን ወሰድኩ። ራጅ አነሳሁ፣ ደረቷንም መንጋጋዋንም። አንገቷ ሥር ያለውን ንፍፊት በመርፌ ቀዳሁ። የግራው መንጋጋ አጥንት ራጁ ላይ ብል የበላው ጨርቅ ነው። ላብራቶሪው ሳይመልስ አወቅሁት። አልነገርኳትም። ድሮም አልናገርም አይደል?

ጥቅምት 15

ካንሰር። ድመት አፍ ውስጥ ከሚበቅሉት ሁሉ የሚበዛውና የሚከፋው። ደረቷ ንጹሕ ነው፣ ንፍፊቷም። ከምላሷ ሥር ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እንሰናበታት ነበር። መንጋጋ ላይ ነው፣ ያውም ወደ ፊት። ይቆረጣል።

ጠርቼ ነገርኳት። አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የሰማችኝ።

"ይቆረጣል ማለት?"

"የታችኛው መንጋጋ ግማሹ ይወጣል። የግራው በሙሉ፣ ከአገጩም ጭምር።"

"በምን ልትበላ?"

"መጀመሪያ በቱቦ። አንገቷ ላይ ቀድጄ ወደ ምግብ ቧንቧዋ የማስገባው ቱቦ አለ፤ ቤት ሆነው በእሱ ይመግቧታል። ከዚያ በቀረው መንጋጋና በምላሷ መብላት ትለምዳለች። ወይም አትለምድም። ውሻ ቢሆን አልሰጋም፤ ውሻ ግማሽ ፊቱ ቢሄድ ሳህኑን አይረሳም። ድመት ትኮራለች።"

"ባትለምድስ?"

"አቁመን እናሳርፋታለን። ደርሶብኛል። ከቀደድኳቸው ድመቶች መካከል ከቱቦው ያልወጡ አሉ።"

"ካልተቀደደችስ?"

"ጥቂት ሳምንት። እያመማት፣ እየተራበች።"

አላለቀሰችም። ይኼ ክፍል ስንት ለቅሶ አይቷል... ለዓሣ እንኳ ተለቅሶበታል። እሷ ግን ቦርሳዋን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ አዛወረች፣ "ቁረጪው" አለች። ለጨርቅ እንደሚባለው።

"ያስቡበት እንጂ።"

"አስቤ ነው የመጣሁት።"

ኮሪደር ላይ አለቃዬ ያዘኝ። "እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ለስማችን..." ካሜራ ይዞ መግባት ያምረዋል። ማደንዘዣ የምትሰጠው ባልደረባዬ በዚያ ስታልፍ ሰማችው፤ አስተኚዋ ነው የምላት። "ወይ ካሜራው ይግባ ወይ እርስዎ። ሁለታችሁን አንድ ላይ ማስተኛት አልችልም" አለችው። ሳቀ። ገብቶት እንዳይመስላችሁ።

ጥቅምት 17

ስልክ። የቀድሞው ባሌ። ማር ማር የሚለውን ድምፁን አውጥቶ።

"እንዴት ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?"

ሥራዬን ጠየቀ! አብረን ስንኖር አንድም ቀን ያልጠየቀውን።

"እማማ እዚያ መምጣቷን ሰማሁ።"

"እ።"

"ያው ታውቂያታለሽ። ብቻዋን ናት። ያ ሁሉ ደረጃ... ጣሪያው ያፈሳል። እኛ የኋላውን ክፍል አዘጋጅተንላታል። ድመቷን ትቼ አልሄድም ብላ እንቢ አለች። ባለቤቴን ደግሞ የድመት ፀጉር ያስነጥሳታል። በመጨረሻ ምን ተባባልን... ድመቷ ስትሞት ትመጣለች። ቃል ገብታልኛለች።"

ሰዓቴን አየሁ።

"እና... ድመቷ አርጅታለች አይደል? ማደንዘዣውን ባትችለው ማንንም አይገርምም።"

"ምን እያልከኝ ነው?"

"ምንም። ባትነቃ ማለቴ ነው። ለእሷም ዕረፍት ነው። ለሁሉም።"

ለሁሉም! ይኼ ሰውዬ በረሮ ራሱ ገድሎ አያውቅም። ወንበር ላይ ወጥቶ እኔን ነበር የሚጠራኝ። ሚስት ለወጠ፣ ቤት ለወጠ፣ ገዳይ ሲፈልግ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ።

"ተረጋጊ እንጂ" አለኝ። ገና አንድ ቃል ሳልመልስለት! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ቆይቼ ግን... እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ? ሴትዮዋ ድመቷን አይደለም የምታስቆርጠው፤ ጊዜ ነው የምትገዛው። የድንቡሼ ነፍስ የበሩ መቀርቀሪያ ሆናለች። እናትና ልጅ በአንዲት በሽተኛ ድመት ላይ ተቀምጠው ይጠባበቃሉ፣ አንዱ ትሙት፣ አንዷ ትኑር እያሉ። እኔስ? ለማን ነው የምቆርጠው?

ጥቅምት 18

ደወልኩላት። ፊት ለፊት ጠየቅኋት።

"ለድመቷ ብለው ነው ወይስ ከቤትዎ ላለመውጣት?"

"ምን አገባሽ?"

"መጋዙን የምይዘው እኔ ነኝ። ያገባኛል።"

"ለሁለቱም" አለች። "ደስ አለሽ?"

አላለኝም። ግን አልዋሸችኝም፤ ከዚያ ቤት እውነት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የምቀድደው ድመቷ ተስፋ ስላላት ብቻ ነው አልኳት። ከስቃዩ በቀር ምንም ካልተረፋት እነግርዎታለሁ፣ ያን ጊዜ ቤት ምናምን አይሉኝም፣ እናቆማለን።

"አንቺ ቀድሞ ነገር ሥራሽን ሥሪ" አለችና ዘጋች። ስልክ መዝጋት የዘር ነው መሰለኝ። እኔ ደግሞ በጋብቻ ወረስኩት።

ጥቅምት 20

ተሠራ።

መጀመሪያ የመመገቢያውን ቱቦ በአንገቷ አስገባሁ። የመንጋጋውን ነርቭ አደነዘዝኩ። ከንፈሯን ከድዱ ለየሁ፣ ጡንቻውን ከአጥንቱ ገፈፍኩ። ከዕጢው ራቅ ብዬ፣ ጤነኛውን ሥጋ ጨምሬ... እዚህ ላይ የሚሰስት ሐኪም ተመልሶ መቁረጡ አይቀርም። አገጯን በመጋዝ ከፈልኩ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮዋ ሥር፣ እስከ ማጠፊያው። እዚያ አጥንቱ ውስጥ የሚገባ የደም ሥር አለ። አመለጠኝ።

በዚያች ትንሽ ገላ ውስጥ ያን ያህል ደም የት ይቀመጣል?

"ግፊቷ እየወረደ ነው" አለች አስተኚዋ። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ ቤት ቢቃጠልም።

ደሙ ሸፈነብኝ። አይታየኝም። በዚያች ቅጽበት ጆሮዬ ላይ የመጣው የማን ድምፅ ይመስላል? "ባትነቃ ማለቴ ነው።" ማር ማር የሚለው! የአለቃዬን ካሜራ በር ላይ አስቁሜ እሱን ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤው ገብቻለሁ። ናቅሁት። ከልቤ፣ ከሥሩ ናቅሁት... እጄ ቀጥ አለ። ጣቴን ሰደድኩ፣ የደም ሥሩን ያዝኩት፣ አሰርኩት። ለካ ንቀትም እጅ ያጸናል።

"ተመለሰችልን" አለች አስተኚዋ።

የወጣው መንጋጋ ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ አውራ ጣቴን ቢያክል ነው። ለዚህች ቁራጭ አጥንት ስንት ሰው ይንጫጫል።

ጥቅምት 21

ነቃች። አየችኝ። ጠላችኝ። ደህና ናት።

ጥቅምት 24

ልትወስዳት መጣች። ፎጣውን ስገልጥላት አየቻት። ግራ ፊቷ ገብቷል፣ ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ምላሷ በጎን ተንጠልጥሏል፣ አንገቷ ላይ ቱቦ በፋሻ ታስሯል።

"እንዴት አድርገሽ አስቀየምሻት!"

"ለቁንጅና ውድድር አልተመዘገበችም፣ እማማ።"

አመጋገቡን አሳየኋት። ምግቡ ልሞ ይጠለላል፣ ለብ ይላል፣ በመርፌው ቀስ ተብሎ ይገፋል። በፊትም በኋላም ቱቦው በውኃ ይታጠባል። ከተቸኮለ ድመቷ ታስመልሳለች። አንድ ጊዜ ነው ያሳየኋት። ተቀብላ ሠራችው። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ወጣት፣ የተማሩ፣ ጣታቸው በቀለበት የተሞላ ደንበኞች እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ራሳቸውን ስተው ይወድቁብኛል። እሷ እቴ! በጣም አናደደችኝ። አንድ ነገር እንኳ አበላሽታ ብገስጻት ምን ነበረበት?

በሩ ላይ ዞር አለች። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ሞኝ አልሆንኩም። "ቅርጫቱን በምን አጠባችሁት? ይሸታል" አለች።

ጥቅምት 30

የተቆረጠው ዙሪያው ሁሉ ንጹሕ ነው። ካንሰሩ ዳር አልደረሰም። ደስ ብሎኝ ደወልኩላት። ደስታዬን አንድ ሰው ላይ ማራገፍ ነበረብኝ።

"ታዲያ ለምንድን ነው የማትበላው?" አለች።

አይ እሷ! ሰማይ ባወርድላት ከዋክብቱ ጎደሉ የምትል።

ኅዳር 6

ቱቦው የገባበት መግል ይዟል አለች። ድመቷ ቅርጫት ውስጥ ስትገባ ትንቀጠቀጣለች፣ አላመጣትም፣ ነይ። ነይ! እንደ ሠራተኛ። ሄድኩ። ለምን ሄድኩ?

ያ ደረጃ። ያ ባለ ቡናማ ቀለም በር። ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጣሪያው እየተንጠባጠበበት። ልጅየው ስለ ጣሪያው የሚያወራው ያህል መሰላል ላይ ቢወጣ ኖሮ ሳፋው ደረቅ ነበር። ሳሎን ውስጥ የእሱ ፎቶ አሁንም አለ፣ በምረቃ ልብስ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ። ከእኔ ጋር የተነሳው የለም። ብሎኑ ግን ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ወጥ ቤት ገባሁ። የሻይ ማጥለያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የታጠቡ መርፌዎች ፎጣ ላይ ተደርድረዋል። የክሊኒካችን መሣሪያ እንዲህ ተደርድሮ አያውቅም። ምን ልበል... ቁስሉን አጠብኩ፣ ፋሻውን ቀየርኩ፣ መድኃኒት ሰጠሁ።

ድንቡሼ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተቀምጣለች። ፀጉሯን አትልስም። ድመት መላስ ስታቆም... ሥጋ አቀረብኩላት፣ አሸተተች፣ ትንሽ ተጠጋች። አፏን ልትከፍት ስትል አንዘፈዘፋት፣ ሸሸች።

"እንዲህ ነው የምታደርገው" አለች ሴትዮዋ። "ትመጣለች፣ ከዚያ የሆነ ነገር ያባርራታል።"

ኮራች ብዬ ተውኩት። ድመት ናት አልኩ።

ኅዳር 12

ዛሬ ድጋሚ ሄድኩ፣ እረፍቴ ላይ። "ያባርራታል" ያለችው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎ። ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ ያዘችልኝ፣ አፏን በደንብ ከፈትኩት። ደንቆሮ ነኝ! የቀረው መንጋጋ ወደ ግራ ተንሸራቷል። የቀኙ የታችኛው ክራንቻ አፏ በተገጠመ ቁጥር ላንቃዋ ውስጥ ይሰካል። ላንቃዋ ቆስሏል፣ ጉድጓድ ሠርቷል። የገዛ ጥርሷ ነው የሚወጋት። እኔ ደግሞ ኩራት አልኩት!

"ጥርሱ ይነቀላል" አልኳት። "አንድ ጊዜ ደግሞ ማደንዘዣ።"

"ከዚያ ትበላለች?"

"አላውቅም። በጣም ደክማለች። እውነቱን ልንገርዎት... አሁን ቢበቃት የሚፈርድብዎ የለም። እኔም አልፈርድም።"

ድመቷን ከፎጣው ፈትታ ጭኗ ላይ አደረገቻት። ልሃጩ ቀሚሷ ላይ እየወረደ። ከዚያ ስልኩን አቀብይኝ አለች። አቀበልኩ። ልጇ ጋ ደወለች፣ እኔ ፊት። ውጪ አላለችኝም።

"አለህ? ስማኝ። አትናገር፣ ስማኝ። ድመቷ ስትሞት እመጣለሁ ብዬህ ነበር። ዋሽቼህ ነው። አልመጣም። ብትሞትም አልመጣም፣ ብትኖርም አልመጣም... ማንም አልመከረኝም! ... ሚስትህን ጠልቼ አይደለም። ክፍሉ መስኮት የለውም... አይቼዋለሁ ልጄ። መጋረጃ ሰቅላችሁበታል፣ ከጀርባው ግድግዳ ነው... ብወድቅስ? በገዛ ደረጃዬ ነው የምወድቀው... አይ፣ አላለቅስም። አንተም አታልቅስ። ሻይ ልትጠጣ ስትፈልግ ና። ዕቃ ልትጭን ግን አትምጣ።"

ስልኩን ዘጉት። ቀሚሳቸው ላይ የወረደውን ልሃጭ በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ይኸው" አሉኝ። "ቤቱን ከጀርባዋ አወረድኩላት። የእኔን ሸክም አንዲት ድመት ላይ ጭኜ... አሁን ስለ እሷ ብቻ ንገሪኝ። ይብቃት ወይስ ትሞክር?"

ጎንበስ ብዬ የድመቷን የጎድን አጥንት በጣቴ ቆጠርኩ። ሰዎች ስለ ፍቅር ሲያወሩ አፍንጫዬን የምይዘው እኔ ነኝ። ይኼን ምን ልበለው?

"አንድ ጊዜ ትሞክር" አልኩ በመጨረሻ። "ከዚያ ካልበላች በቃ።"

"በቃ" አሉ።

ኅዳር 14

ክራንቻውን ነቀልኩ። አጭር ሥራ። አለቃዬ ገብቶ "አሁንም ይቺ ድመት?" አለ። አሁንም ይቺ ድመት። ድድ ስፌት ላይ ሆኜ ቀና ብዬ ሳየው ምን አይቶብኝ እንደሆነ አላውቅም፣ በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

ኅዳር 16

የቀድሞው ባሌ ክሊኒኩ ድረስ መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኑ ያበጠ። እናቱን በእሱ ላይ ያነሳሳኋት እኔ ነኝ ይላል። "ምን ብለሻት ነው?"

"ምንም። ክፍሉ መስኮት የለውም እንዴ?"

"...መስኮት እናወጣለታለን።"

"እንግዲያው ለራስህ አውጣ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይኼን ብዬ ቀኑን ሙሉ እፈነድቅ ነበር። ዛሬ ግን ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ትከሻው ወርዷል። እናቱ ደረጃ ላይ ወድቃ ትገኝብኛለች ብሎ እውነትም ይፈራል መሰለኝ። ፈሪነቱን አውቀው ነበር፤ የሚፈራው ነገር እውነት ሊሆን እንደሚችል ግን... ይሁን። ድመቷን ግደያት ማለቱን አልረሳለትም።

ኅዳር 20

ስልክ፣ ጠዋት፣ ሥራ ልገባ ስል።

"ሰረቀችኝ" አሉ።

"ማን?"

"ማን ይሆናል! ቁርሴን ልበላ ስኳር ላመጣ ዞር ብል ጠረጴዛው ላይ ወጥታ እንቁላሌን። አስኳሉን። ጢሟ ሁሉ ቢጫ ሆኗል።"

"ዋጠችው?"

"ዋጠችው ወይ ትይኛለሽ? ሳህኑን እየላሰች ነው፤ ግማሹን መሬት ላይ በትናለች። ደግሞ ታጉረመርምብኛለች፣ እኔ ነኝ ሌባዋ ይመስል።"

ከዚያ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ። ሳያቸው አልነበረም፣ ግን አወቅሁ። ስልኩን ሁለታችንም አልዘጋነውም። መኪና ውስጥ ተቀምጬ... ሞኝ። መስታወቱ ላይ ጉም ሠራሁ።

ታኅሣሥ 9

ቱቦውን አወጣሁ። ሳህን ላይ እየበላች ነው፣ በቀኝ ጉንጯ፣ አንገቷን አጣማ፣ ግማሹን እየረጨች። መላስ ጀምራለች፤ በግራ በኩል ምላሷ ስለማይደርስ እሳቸው በእርጥብ ጨርቅ ይጨርሱላታል። ልሃጩ አይቀርም። መልኳም አይመለስም። ካንሰሩ ይመለሳል? ሊመለስ ይችላል። ነግሬያቸዋለሁ።

"የሚመለስ ከሆነ ይመለሳል" አሉ። "ያኔ አናሰቃያትም። አሁን ግን ደህና ናት፤ በደህና ቀን ምን ታስለቅሺኛለሽ?"

ቅርጫቱን አንስተው ሄዱ። አስተኚዋ ከመስኮቱ እያየቻቸው፣ "ይቺ ሴትዮ ከአንቺ ጋር ምን ትዛመዳለች? አነጋገራችሁ አንድ ነው" አለችኝ። ስድብ ነው ብዬ ልቆጣት ነበር።

ሚያዝያ 11

እሑድ። የደረት ራጇ ባለፈው ሳምንት ንጹሕ ወጣ። መንጋጋዋን በጣቴ ዳሰስኩ፣ ምንም የለም። ክብደት ጨምራለች። ሆዷ ወርዶ ስትሄድ ይወዛወዛል። በግራ የታየች እንደሆነ አስፈሪ፣ በቀኝ የታየች እንደሆነ ቆንጆ። ሰፈሩ ውስጥ ያሉ ውሾች ግራውን ነው የሚያውቁት።

አለቃዬ ታሪኳን ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ፎቶ ጠየቀ። በቀኝ በኩል አንስታችሁ አሳምሯት እንዳይል ፈርቼ በግራ የተነሳችውን ሰጠሁት። አልሰቀለውም።

የቀድሞው ባሌ ጣሪያውን አሠርቷል። እሱ አልወጣም፣ ሠራተኛ ነው የወጣው፤ እሱ ከታች ሆኖ ሲመራ ነበር አሉ እናቱ፣ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ" እያለ፣ ቀዳዳው በስተቀኝ ሆኖ ሳለ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ሊጠጣ ይመጣል። ድንቡሼ ሱሪው ላይ ልሃጯን ትጠርጋለች። ምንም አይላትም። ይገባዋል፣ በእኔ ቤት። በእሱ ቤት ደግሞ... እሱ ይወቀው።

ዛሬ እረፍቴ ነበር። ልብስ ላጥብ ብዬ ተነሳሁ። አላጠብኩም። ራሴን እዚያ ደረጃ ላይ አገኘሁት። አንኳኳሁ።

ከፈቱ። እጄን አዩ፤ የሕክምና ቦርሳዬን አልያዝኩም።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልታይ መጣሽ? ቱቦ የለ፣ ስፌት የለ።"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም፣ እማማ።"

በሩን እንደያዙ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። መልስ እያዘጋጀሁ ነበር፣ ለምትመጣዋ ክፉ ቃል የምትሆን፣ የተሳለች።

"እንግዲያው ጫማሽን አውልቂ" አሉ። "ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።"

አወለቅሁ።